ባትሪው ሳይሞት እንዳይቀበር

መኪና አልነሣ ሲል ጣት ሁሉ የሚቀሰረው ባትሪው ላይ ነው። ዘበኛውም፣ ጎረቤቱም፣ አላፊ አግዳሚውም ኮፈኑ ገና ሳይከፈት «ባትሪ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ልክ ሳይሆን ሲቀር ግን ባለመኪናው መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወርዶ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ጥቂት ቀን ደስ ብሎት ይሰነብታል፤ ከዚያ መኪናው እንደገና ዝም ይልበታል። ጥፋተኛው ባትሪውን የሚመግበው ዲናሞ ነበራ!

የባትሪው ዋና ሥራ ከባድ ጉልበት ለጥቂት ሰከንድ መስጠት ነው። ሞተሩን ለማዞር ማስነሻው፣ ማለትም ሞተሪኖው፣ በዚያች ቅጽበት ከ100 እስከ 200 አምፒር፣ ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ ይስባል። መኪናው ከተነሣ በኋላ መብራቱንም ቴፑንም የሚቀልበው በቺንጋ የሚዞረው ዲናሞ ነው፤ ባትሪውም የሰጠውን ከእሱ መልሶ ይቀበላል። ባትሪና ማስነሻ እንዲህ የተጋቡት እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የቻርለስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ በመኪኖቹ ላይ ሲገጥም ነው። ከዚያ በፊት ሹፌር ከመኪናው ፊት ቆሞ ሞተሩን በእጁ ያዞር ነበር፤ ሞተሩ ወደ ኋላ ሲመታበት ክንዱ የተሰበረም ብዙ ነው። ባትሪው ራሱ ግን ከመኪና በፊት የተወለደ ነው፤ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው።

ውስጡ ስድስት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል 2.1 ቮልት ገደማ ስለሚሰጥ ድምሩ 12.6 ይሆናል። በየክፍሉ የእርሳስና የእርሳስ ኦክሳይድ ሳህኖች ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። ኮረንቲ ሲወጣ ሁለቱም ሳህኖች የእርሳስ ሰልፌት ይለብሳሉ፣ አሲዱም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል፤ ቻርጅ ሲደረግ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። ባዶውን ከከረመ ግን ሰልፌቱ ጠጥሮ አልለቅም ይላል። ባለቤቱ ውጭ አገር ከርሞ ሲመለስ የቆመው መኪና የማይነሣው በዚህ ነው፤ በዚያ ጊዜ ቻርጅ ማድረግም ሁልጊዜ አያድነውም።

ምርመራው የሚጀምረው በጆሮ ነው። ፓውዛ አብርቶ ቁልፉን ማዞር፣ ድምፁንና መብራቱን አብሮ መከታተል። ሞተሩ እያቃሰተ በግድ ከዞረና መብራቱም ከደበዘዘ ባትሪው ደክሟል። «ጠቅጠቅጠቅጠቅ» የሚል ፈጣን ድምፅም ወደዚያው ያመለክታል፤ ያለው ኮረንቲ የሞተሪኖውን ማግኔት ለመሳብ ይበቃል፣ ሞተሩን አዙር ሲባል ግን ይወድቃል፤ ማግኔቱ ይለቃል፣ ደግሞ ይስባል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም ካለና ፓውዛው እንደደመቀ ከቀረ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖው ይዞራል። ድምፅም መብራትም ከሌለ ወይ ባትሪው ጨርሶ ባዶ ነው፣ ወይ ገመዱ ከሚታሰርበት የባትሪው ራስ ላይ ለቋል። መብራቱ ደማቅ ሆኖ ምንም ድምፅ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያ መታየት ያለበት የማርሹ መቀየሪያ ነው፤ አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ወይም «ኤን» ላይ ካልሆነ አይነሣም። በዚህች ምክንያት ብቻ ስንት መካኒክ ከእንቅልፉ ተቀስቅሷል! ሞተሩ እንደ ወትሮው እየዞረ እሳት አልይዝ ካለ ግን ባትሪው ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ነዳጁና ካንዴላው ይመርመሩ።

ከመግዛት በፊት የባትሪውን ራሶች ማየት ምንም አያስወጣም። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከጋገረባቸው፣ ወይም ገመዱ በእጅ ሲነቀነቅ ከዞረ፣ ችግሩ እዚያው ሊሆን ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ በውሃ በጥብጦ በብሩሽ ማጠብና ማጥበቅ ይበቃል። ኮካኮላ የሚያፈስም አለ፤ ዝገቱን ማላቀቁን ያላቅቃል፣ ግን እሱም አሲድ አለበት፣ ስኳሩም አቧራ ይሰበስባል።

ቴስተር ያለው ሰው ከክርክር ይገላገላል። ቆሞ ያደረ መኪና ላይ 12.6 ቮልት ካሳየ ባትሪው ሙሉ ነው፤ 12.2 ግማሽ ያህል፣ 12 ደግሞ ሩብ ገደማ ነው። ሙሉ መስሎ ቁልፉ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ አርጅቷል ማለት ነው። ከሁሉ የሚረሳው ሦስተኛው ልኬት ነው፦ ሞተሩ እየሠራ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከዚያ በታች ከሆነ ዲናሞው ወይም ቺንጋው ተበላሽቷል፤ አዲስ ባትሪም ተራውን ይጠብቃል እንጂ አይተርፍም። ሁሉም ደህና ሆኖ በየጠዋቱ ባዶ የሚገኝ ከሆነ ሌሊት የሚጠጣው ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በኋላ የተገጠመ አላርም ወይም የሙዚቃ ማጉያ ነው።

የአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደካማውን ባትሪ ያጋልጠዋል እንጂ አይገድለውም። የሚገድለው ሙቀት ነው፤ ድሬዳዋ ወይም አፋር ውስጥ የሚሠራ ባትሪ ደጋ ላይ ካለው ቀድሞ ያረጃል።

ድሮ መፍትሔው የሰፈር ልጅ ጠርቶ ማስገፋት ነበር። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ግን ሰፈሩ ሁሉ ቢገፋውም አይነሣም፤ የቀረው ከሌላ መኪና ባትሪ በኬብል መበደር ነው። ቀዩ ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ ወደ ጤነኛው ፖዘቲቭ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ከጤነኛው ኔጌቲቭ ተነሥቶ በማይነሣው መኪና ሞተር ላይ ቀለም የሌለው ብረት ይነክሳል። ባትሪው ራስ ላይ የማይታሰረው፣ ባትሪ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ስለሚተነፍስና የመጨረሻው ንክኪ ብልጭታ ስለሚያወጣ ነው።

መቀየሩ በ10 ቁጥር መፍቻ የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ቁም ነገሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሲፈታ ኔጌቲቭ ይቀድማል፣ ሲታሰር ፖዘቲቭ። ይህ ካልተጠበቀና መፍቻው ፖዘቲቩን እየፈታ የመኪናውን አካል ከነካ ባትሪው በመፍቻው በኩል ይጋጫል፤ ብረቱ ይግላል፣ እጅም ያቃጥላል። ሲገዛ ደግሞ በጃፓን ሥርዓት የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ይረዳል። «55ዲ23ኤል» ሲል 55 የጉልበቱ ደረጃ፣ «ዲ» የወርዱና የቁመቱ ምድብ፣ 23 ርዝመቱ በሴንቲሜትር፣ «ኤል» ደግሞ ራሶቹ የዞሩበት አቅጣጫ ነው። በ«ኤል» ፋንታ «አር» ገዝቶ የተመለሰ ሰው ገመዱ ለምን እንዳጠረበት ቶሎ አይገባውም። አሮጌው ባትሪ ለቁራሌው ሲሰጥ አሲዱን ደጅ መድፋት አይገባም፤ እርሳስ ያለበት አሲድ ነው፣ ልጆችም የሚጫወቱት እዚያው አፈር ላይ ነው።

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ከከለከለች ወዲህ «ይህ ጣጣ አከተመ» የሚል አይጠፋም። አላከተመም። የኤሌክትሪክ መኪናም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ኮምፒውተሮቹንና የበሩን ቁልፍ የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ባለ12 ቮልት ባትሪ አለው። እሱ ሲደክም ትልቁ ሙሉ ቢሆንም መኪናው አይነቃም። ያኔ ከነዳጅ መኪና በኬብል መበደር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ለነዳጅ መኪና ማበደሩን ግን ብዙ አምራቾች በመመሪያቸው ይከለክላሉ።