ይሉኝታ ወንዝ ያጸዳል?

የፈተና ውጤት በቴሌግራም ቦት መታየት ከመጀመሩ በፊት ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ታላላቆቻችሁን ጠይቋቸው። ልጁ ከመምህሩ ቁጣ በላይ የሚፈራው ያንን ወረቀት ነው። የመምህሩ ቁጣ ክፍል ውስጥ ያልቃል። ወረቀቱን ግን የጎረቤት ልጅም ያየዋል፣ ለእናቷ ትነግራለች፣ እናቷ ቡና ላይ ታነሳዋለች። በቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በሚቀጥለው ሴሚስተር ያ ልጅ ሳይነገረው ደብተሩን ይገልጣል።

ፋብሪካስ? ፋብሪካ ይሉኝታ አለው?

ጥያቄው ቀልድ ይመስላል። ከሠላሳ ዓመት በፊት ግን የኢንዶኔዥያ መንግሥት ይህንኑ ጥያቄ ከምር ወስዶ ሞከረው። ያገኘው መልስ፣ በአቃቂ ወንዝ ድልድይ ላይ አፍንጫውን ይዞ ለሚያልፍ የአዲስ አበባ ልጅም ይጠቅማል።

ሕግ ነበር፣ የሚፈራው ግን አልነበረም

ኢንዶኔዥያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ ትከፍት ነበር። ጨርቃ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ጎማ፣ የዘንባባ ዘይት። ሥራ ተገኘ፣ ገንዘብ ገባ፣ ወንዞቹ ግን ጠቆሩ። ሕግ አልጠፋም። የፍሳሽ ደረጃ ተጽፎ ተቀምጧል። ችግሩ የሚያስፈጽመው ነው፤ ተቆጣጣሪው ጥቂት፣ ፍርድ ቤቱ ዘገምተኛ፣ ጉቦውም ያው እንደምታውቁት ነው። ለባለ ፋብሪካው ሒሳቡ ቀላል ነበር። የፍሳሽ ማጣሪያ ውድ ነው፤ መብራት ይበላል፣ ኬሚካል ይፈልጋል። ወንዙ ደግሞ በነጻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 መንግሥት «ፕሮካሲ» የሚባል የወንዝ ጽዳት ፕሮግራም ጀመረ። ከፋብሪካዎች ጋር የፍሳሽ መጠናቸውን እንዲቀንሱ ስምምነት ተፈራረመ። አንዳንዶቹ ቀነሱ፣ ብዙዎቹ ፈርመው ዝም አሉ። የተገኘው ትልቁ ጥቅም ሌላ ነበር፤ የትኛው ፋብሪካ ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚለቅ የሚያሳይ መረጃ ተከማቸ።

ባፔዳል የሚባለው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ያኔ አንድ ሐሳብ መጣለት። መክሰስ ካልቻልን ለምን አንናገርም?

አምስት ቀለም

«ፕሮፐር» የተባለው ፕሮግራም በዚህ መልኩ ተወለደ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው ወደ ወንዝ የሚለቀው ውሃ ይለካል፣ ሪፖርቱ በቦታው በሚደረግ ቁጥጥር ይጣራል፣ ከዚያ አንድ ቀለም ይሰጠዋል። ምንም ጥረት ሳያደርግ ከባድ ጉዳት የሚያደርስ ጥቁር ያገኛል። ሞክሮ ደረጃው ላይ ያልደረሰ ቀይ ነው። ሕጉ የሚለውን ያሟላ ሰማያዊ፣ ከሕጉ አልፎ የሄደ አረንጓዴ፣ በዓለም ደረጃ ምሳሌ የሚሆን ደግሞ ወርቅ።

ለምን ቀለም? ምክንያቱም ቁጥሩን ማንም አይረዳውም። የውሃ ባለሙያዎች «ቢ.ኦ.ዲ.» የሚሉት መለኪያ አላቸው፤ ቆሻሻው ሲበሰብስ ከውሃው ውስጥ የሚበላውን ኦክስጅን ይለካል። ኦክስጅን ሲያልቅ ዓሣ ይሞታል። ለወንዙ ዳር ነዋሪ ግን «ይህን ያህል ሚሊ ግራም በሊትር» ብትሉት ምን ይገባዋል? «የሰፈራችሁ ፋብሪካ ጥቁር ነው» ብትሉት ግን ከእረኛው እስከ ባለሥልጣኑ በአንድ ቃል ይገባዋል።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ደግሞ ብልጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1995 የመጀመሪያው ውጤት ሲወጣ 187 ፋብሪካዎች ተመዝነው ነበር። ወርቅ ያገኘ የለም። 5 አረንጓዴ፣ 61 ሰማያዊ፣ 115 ቀይ፣ 6 ጥቁር። ከሦስቱ ሁለቱ ሕግ እየጣሱ ነው ማለት ነው። መሥሪያ ቤቱ ግን ሁሉንም ስም በአንድ ቀን አልዘረገፈም። መጀመሪያ የተጠሩት አምስቱ አረንጓዴዎች ብቻ ናቸው። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ትሪ ሱትሪስኖ ራሳቸው በአደባባይ አመሰገኗቸው። ለቀሪዎቹ ቀለማቸው በዝግ ተነገራቸው፣ እንዲህም ተባሉ፦ እስከ ታኅሣሥ ጊዜ አላችሁ፤ ያኔ ስማችሁ ይወጣል።

ስድስት ወር። ስሙ ሊለጠፍ ስድስት ወር የቀረው ተማሪ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ጥቁር የነበሩት በግማሽ ቀነሱ። በአንድ ዓመት ተኩል ጊዜ ውስጥ ደግሞ ሕጉን የሚያሟሉት ፋብሪካዎች ከአንድ ሦስተኛ ገደማ ተነስተው ከግማሽ በላይ ሆኑ። አዲስ ሕግ አልወጣም፣ አዲስ እስር ቤትም አልተሠራም። የተጨመረው ስምና ቀለም ነው።

ማን ነው ያሳፈራቸው?

እዚህ ጋ «ፋብሪካ ምን ይሉኝታ አለው፣ ያለው ትርፍ ነው» የምትሉ ትኖራላችሁ። ልክ ናችሁ። ነገሩ የሠራው የፋብሪካው ልብ ስለተነካ ብቻ አይደለም። ቀለሙን የሚያይ ብዙ ዓይን ስለነበረ ነው። ጎረቤት ያያል፤ ቀይ መሆኑን ካወቀ አቤቱታ ይዞ በር ላይ ይቆማል። ባንክ ያያል፤ ነገ ሊከሰስ ለሚችል ፋብሪካ ብድር ሲሰጥ ሁለቴ ያስባል። ገዢ ያያል፣ በተለይ የውጭው። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያጠኑት ከሌሎቹ በበለጠ ፈጥነው የተስተካከሉት የውጭ ባለሀብት ያለባቸውና ሰው በብዛት በሚኖርበት አካባቢ ያሉ ፋብሪካዎች ሆነው ተገኙ። የሚያየው ሰው የበዛበት ፈጠነ ማለት ነው።

የፋብሪካ ኃላፊዎች ሲጠየቁ የመለሱት አንድ ነገር ደግሞ አስገራሚ ነው። ብዙዎቹ የራሳቸውን ቆሻሻ መጠን በቅጡ አያውቁም ነበር። መለካቱ ራሱ ዓይናቸውን ከፈተ፤ የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው ጥሬ ዕቃ በከንቱ ወንዝ እንደሚገባ አዩ። የፈሰሰው እኮ ገንዘባቸው ነው።

በኪስ ውስጥ ያለ ካርታ

ከኢንዶኔዥያ ወደ ቻይና ስንሻገር ነገሩ ወደ እጃችን ስልክ ይቀርባል። ማ ጁን የሚባል ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አገሩ የውሃ ቀውስ መጽሐፍ ጻፈ። በ2006 ደግሞ አንድ ተቋም አቋቁሞ የውሃ ብክለት ካርታ ሠራ። የሚገርመው፣ በድብቅ የተገኘ ሰነድ አልተጠቀመም። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው በየቦታው ያወጧቸውን የጥሰት መዝገቦች ሰበሰበ፣ በአንድ ካርታ ላይ አስቀመጣቸው፣ ማንም ሰው የከተማውን ስም ጽፎ እንዲፈልግ አደረገ። በኋላ በስልክ መተግበሪያ መጣ።

ካርታው ትልልቅ ብራንዶችን ሳይቀር አንቀሳቀሰ። ልብስና ስልክ የሚያሠሩ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ዕቃ አቅራቢዎቻቸው ካርታው ላይ ቀይ ሆነው ሲገኙ ጥያቄ መጣባቸው። አፕል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 የማ ጁን ተቋምና ሌሎች ማኅበራት ባወጡት ሪፖርት ክፉኛ ከተተቸ በኋላ፣ በ2012 መጀመሪያ ላይ የአቅራቢዎቹን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ አደረገ። እኛ ሰልፊ የምንነሳበት ስልክ ወንዝ ሊያቆሽሽ እንደሚችል ያሳየን ሌላ ሳይሆን ስልክ ላይ የሚከፈት ካርታ ነው።

ቀለም የማያገኘው

እውነቱን እንነጋገር። ዝርዝር መለጠፍ ተአምር አይሠራም።

ኢንዶኔዥያ ውስጥ በምዕራብ ጃቫ የሚፈሰው የቺታሩም ወንዝ ፕሮፐር ከተጀመረ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶም በዓለም እጅግ ከቆሸሹት ወንዞች አንዱ እየተባለ ይጠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሬዚዳንት ጆኮ ዊዶዶ ለማጽዳት ወታደር እስከማሰማራት ደረሱ። ፕሮፐር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1998 በኢኮኖሚ ቀውሱ ተቋርጦ በ2002 ነው እንደገና የተነሳው። በዚያ ላይ ዝርዝሩ የሚነካው የተመዘገበውን ብቻ ነው። በየመንደሩ ጨርቅ የሚያቀልመውን ትንሽ ወርክሾፕ፣ ቆሻሻውን በፌስታል የሚወረውረውን ቤተሰብ ማን ቀለም ይሰጠዋል?

ጋናም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። የኢንዶኔዥያን ሐሳብ ወስዳ «አኮቤን» የሚባል ባለ አምስት ቀለም ምዘና ጀመረች። አኮቤን በአካን ሕዝብ ዘንድ ለጦርነት የሚጠራ ቀንደ መለከት ነው፤ «ንቁ» እንደማለት። ትልልቆቹን የማዕድን ኩባንያዎች መዘነች። ዛሬ ግን የጋናን ወንዞች ወደ ቡናማ ጭቃ እየቀየረ ያለው «ጋላምሴ» የሚሉት ሕገ ወጥ የወርቅ ቁፋሮ ነው። እሱ ስም የለውም፣ አድራሻ የለውም። ስም የሌለውን በስሙ ማሳፈር አይቻልም።

ወደ አቃቂ

አሁን ወደ ቤታችን። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቋርጠው አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የመጸዳጃ ቤት ፍሳሹን፣ የጋራዥ ዘይቱን፣ የፋብሪካ ውሃውን ይሰበስባሉ። ዳር ዳሩን በዚያው ውሃ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ይለማል። ተመራማሪዎች በተለያየ ጊዜ ባደረጉት ጥናት በውሃው፣ በአፈሩና በአትክልቱ ውስጥ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ስለዚህ ወንዙ ሩቅ አይደለም፤ ምሳችን ላይ ሊመጣ ይችላል።

ሕጉስ? አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ መብት ነው ይላል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ በር ከፍቷል። ማንኛውም ሰው፣ «አንተን ምን አገባህ፣ በግልህ ምን ተጎዳህ» ሳይባል፣ በሚበክል አካል ላይ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጣል።

የጎደለው ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ነው። እስኪ ስልካችሁን አውጡና በሰፈራችሁ ያለው ፋብሪካ ባለፈው ዓመት የፍሳሽ ምርመራ ውጤቱ ምን እንደነበር ፈልጉ። የምግብ ቤቱን ኮከብ፣ የሹፌሩን ደረጃ በአንድ ጣት ታገኛላችሁ። የወንዙንስ?

ከኢንዶኔዥያ የምንማረው ውጤቱ የሚሠራበትን ሁኔታ ነው። ምዘናው በቋሚነት በየጊዜው መውጣት አለበት፤ አንዴ ወጥቶ የሚጠፋ ዝርዝር የአንድ ሳምንት ወሬ ነው። የተጣራ መሆን አለበት፤ ፋብሪካው ራሱ ፈትኖ ራሱ ያረመው ፈተና አይታመንም። የመንግሥት ድርጅትንም የግሉንም እኩል መመዘን አለበት። ለመስተካከል ጊዜ ሰጥቶ፣ ያሻሻለውን በአደባባይ ማመስገን አለበት። እኛ ደግሞ ጣታችንን ወደ ፋብሪካ ብቻ ቀስረን መሄድ አንችልም፤ ወደ አቃቂ ከሚገባው ብዙው ከቤታችን የሚወጣ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ልጨምር። የጠቆረ ውሃ አይቶ በቲክቶክ «ይሄ ፋብሪካ ነው ያደረገው» ማለት ቀላል ነው። ያልተለካ ክስ ግን ንጹሑንም ያቆሽሻል፣ ጥፋተኛውንም «ስም ማጥፋት ነው» ብሎ እንዲያመልጥ ያደርጋል። የፕሮፐር ጉልበቱ ጩኸቱ አልነበረም፤ ከቀለሙ ጀርባ ልኬት መኖሩ ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ቀኑንና ቦታውን ይዛችሁ ቅረጹት፣ ከአቤቱታ ጋር አያይዛችሁ ላኩት፣ የምርመራ ውጤቱንም በጽሑፍ ጠይቁ።

ይሉኝታ በአገራችን ብዙ ጊዜ ይነቀፋል፤ ሰውን ያስራል ይባላል። እውነት ነው። ግን ይሉኝታ የሚሠራው የሚያይ ሰው ሲኖር ነው። ወንዛችን በጨለማ የሚለቀቅበትን ሁሉ ተሸክሞ የሚሄደው፣ ማን እንደለቀቀበት የሚያነብለት ሰው ስለጠፋ ነው። ወረቀቱ ይለጠፍ። ከዚያ ማን ደብተሩን እንደሚገልጥ እናያለን።