አየር የሚያጣራው የአሉሚኒየም ቱቦ

ጠላቂዎችና የእሳት አደጋ ሠራተኞች በጀርባቸው የሚሸከሙት ሲሊንደር ብዙ ሰው እንደሚገምተው ንጹሕ ኦክስጅን የያዘ አይደለም። በአብዛኛው ውስጡ ያለው እኛው የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ከ200 እስከ 300 ባር በሚደርስ ግፊት ታምቆ። አየሩን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር በተከታታይ የሚሠሩ ሦስት ወይም አራት ፒስተኖች አሉት። ብዙዎቹ በዘይት የሚለሰልሱ ናቸው፤ ሲሠሩም ክፉኛ ይግላሉ። ስለዚህ ከመጨረሻው ፒስተን የሚወጣው አየር እርጥበትና የዘይት ተን ይዞ ይመጣል። ዘይቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ወይም የሞተር ጭስ ወደ አየር መሳቢያው ከገባ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይጨመርበታል። በተዘጋ ቤት ከሰል አቀጣጥለው የተኙ ሰዎችን የሚገድለው ይኸው ጋዝ ነው።

ውሃ ውስጥ ደግሞ አደጋው ይበረታል። በ40 ሜትር ጥልቀት ያለው ግፊት በውሃው ገጽ ላይ ካለው አምስት እጥፍ ነው። በሲሊንደሩ አየር ውስጥ ከሚሊዮን 10 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ካለ፣ እዚያ ጥልቀት ላይ ሳንባ የሚገጥመው የጋዙ ግፊት ገጸ ምድር ላይ 50 እጅ ከሚያስከትለው ጋር እኩል ነው። ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም።

ይህን ሁሉ የሚያስቀረው በኮምፕሬሰሩ ማጣሪያ ቤት ውስጥ የሚገባው ካርትሪጅ ነው። ሞለኪውላር ሲቭ የሚባሉት እንክብሎች እርጥበቱን ይመጥጣሉ፤ አክቲቭ ካርቦን የዘይቱን ተንና ሽታውን ይይዛል። ሆፕካላይት የተባለው የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይዱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን ኬሚስቶች የሠሩት ነው። እርጥበት ሲነካው ሥራውን ስለሚያቆም አየሩ መጀመሪያ ደርቆ ሊደርሰው ይገባል። የንብርብሩን ቅደም ተከተል ያዛባ ሰው ሆፕካላይት እያለው እንደሌለው ነው።

ከፋብሪካ የሚመጣው ካርትሪጅ ብዙውን ጊዜ አንድ ጊዜ አገልግሎ ይጣላል፤ ምንም ያልሆነው የአሉሚኒየም ቱቦም አብሮ። አቅራቢ በሚርቅበት ቦታ በቶርኖ ተሠርቶ እየተሞላ የሚያገለግል ካርትሪጅ የተፈለገው ለዚህ ነው። ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው፦ ቱቦ፣ ፊለቶ የወጣለት ክዳን፣ ወንፊት፣ የሱፍ ንጣፍ፣ እንክብሎቹን ጠቅጥቆ የሚይዝ ስፕሪንግ። የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ቢሆንም ግድ የለም፤ ግፊቱ በውስጥም በውጭም እኩል ስለሆነ 300 ባሩን የሚሸከመው የውጩ የብረት ቤት ነው። ግፊቱ በድንገት ከተለቀቀ ግን የውስጡ አየር ቶሎ መውጣት አቅቶት ቱቦውን ሊያሳብጠው ይችላል።

የሥራው ሁሉ ክብደት ያረፈው ኦሪንጉ፣ ማለትም አየር እንዳያልፍ የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት፣ በሚቀመጥበት ጎድጓዳ መስመር ላይ ነው። መስመሩ ከልኩ በላይ ከጠለቀ ኦሪንጉ በበቂ አይጨመቅም፤ አየሩም እንክብሎቹን ሳይነካ በጎን ያልፋል። ይህን የሚናገር ጌጅ የለም። ኮምፕሬሰሩ እንደወትሮው ይሠራል፣ ሲሊንደሩም ይሞላል። ስለዚህ መስመሩ የቢላዋ ጭረት የሌለበት ልስልስ፣ ኦሪንጉ የሚገባበት ጠርዝም ላስቲኩን እንዳይቆርጠው ሰያፍ መሆን አለበት።

አንድ ሌላ ነገር እጅግ ያሳስበኛል። በአንዳንድ ኮምፕሬሰሮች የማጣሪያ ቤት ላይ ትንሽ የደኅንነት ቀዳዳ አለች፤ ካርትሪጅ ካልገባ አየሩ በእሷ ስለሚወጣ ግፊት አይፈጠርም። ተከፍቶ የሚሞላ ካርትሪጅ ግን ባዶውንም ቢገባ ቀዳዳዋን ይደፍናታል። ፋብሪካው ያሰበው ጥበቃ በዚህ ይቀራል፤ የሚተካው የሰው ጥንቃቄ ብቻ ነው። የተሞላው ካርትሪጅ ተመዝኖ ክብደቱና ቀኑ ሊጻፍበት ይገባል። ክብደቱ ውሃ መምጠጡንም ይናገራል።

ሙቀትም ዕድሜውን ይወስናል። በእርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 17 ግራም ያህል ውሃ ሲይዝ በ40 ዲግሪ 51 ግራም ይይዛል። እንደ ጅቡቲ ባለ ሞቃት ወደብ ያለ ካርትሪጅ በቀዝቃዛ አገር የሚያገለግለውን ሰዓት ያህል ያገለግላል ብሎ መተማመን አይቻልም።

የአውሮፓው ኢኤን 12021 መስፈርት በሚተነፈስ አየር ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 5 እጅ፣ ዘይት ደግሞ በሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ያዝዛል። ይህን በዓይንም በአፍንጫም ማረጋገጥ አይቻልም። ቶርኖ ያላችሁ ባለሙያዎች ቱቦውን ሥሩት፤ እጃችሁ ይችላል። ግፊት የሚሸከመውን ቤት ግን አትንኩ፤ ከአዲሱ ካርትሪጅ የወጣውንም አየር በመሣሪያ ሳታስመረምሩ ለማንም አትስጡ።