የቤት ጢስና የልብስ ሽታ

በሱሉልታ ማለዳ ከቤቱ የወጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው ጢስ ነው። ከእንጦጦ ተራራ ጀርባ፥ ወደ ጎጃም በሚወስደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የተዘረጋው ይህ ደጋ አገር ብርዱ የጠና ስለ ሆነ፥ ጢሱ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ተኝቶ ይቆያል። ከብት የሚረባበት አገር ነውና ኩበት አይታጣም፤ የባሕር ዛፉም ቅጠልና ጭራሮ እንደዚሁ። ጢሱ ግን ከማድ ቤት ወደ መኝታ፥ ከመኝታ ወደ ልብስ፥ ከልብስም ወደ ትምህርት ቤት ይከተለናል።

ወደ ትምህርት ቤት ማለታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በምናስተምርበት ክፍል አንዲት ብልህ ልጅ ከዕለታት አንድ ቀን በኋለኛው ወንበር ብቻዋን ተቀምጣ አገኘናት። ምክንያቱን ብንጠይቅ፥ ጓደኞችዋ «ጢስ ጢስ ትሸታለች» ብለው አርቀዋት ኖሯል። ከነቀፏትም መካከል እኩሌቶቹ የመጡት ከዚያው ዓይነት ቤት ነበር፤ የራስን ሽታ አፍንጫ ይለምደዋልና አላወቁትም። እኛም ሽታውን ቀደም ብለን አውቀን ዝም በማለታችን አፈርን።

እናቲቱን ብናስጠራቸው በእንባ ተናገሩ፦ «የኔታ፥ ልብስዋን በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ ማታ ማታም ዕጣን አጨስበታለሁ፤ ከዚህ ሌላ ምን ላድርግ? ታናሽ ወንድምዋም ሌሊት ሌሊት ይስላል፤ ብርዱ ነው እላለሁ።»

«እትዬ፥ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ ነገሩ ግን ብርዱ ብቻ አይመስለንም» ብለን የምናውቀውን ነገርናቸው። ያንኑ ለአንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን።

ጢስ ማለት ነፋስ ብቻ አይደለም። ማገዶ በሚገባ ሳይነድ ሲቀር እጅግ ደቃቅ ጥላሸትና እንደ ሬንጅ የሚጣበቅ ቅባት ከእሳቱ ይነሣል። ይህ ቅባት ከጭቃ ግድግዳ፥ ከፍራሽ፥ ከመጋረጃና ከጋቢ ገብቶ ይሸሸጋል፤ ቤቱ ሲሞቅ ወይም ሲረጥብ ሽታው እንደ ገና ይወጣል። ዕጣን ማጨስ የማይረዳውም ስለዚህ ነው፤ ዕጣን በቤተ ክርስቲያን ለጸሎት ክብር አለው፤ በቤት ውስጥ ግን በጢስ ላይ ሌላ ጢስ መጨመር ሽታውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ አያስወግደውም።

ሽታውን ለማስወገድ የሚሻ ሰው ሥራውን በተራ ይያዝ። አስቀድሞ ፊት ለፊት የሚተያዩትን በርና መስኮት ከፍቶ ነፋስ ያሳልፍ። ቀጥሎ ከጣራው የተንጠለጠለውን ጥቀርሻ በደረቅ መጥረጊያ አፉንና አፍንጫውን ሸፍኖ ያውርድ፤ ጥላሸት አስቀድሞ ውኃ ከነካው ተቀብቶ ይቀራልና። ከዚያ በኋላ ቀለም የተቀባውን ግድግዳና የቤት ዕቃውን በሙቅ ውኃና በሳሙና ይጠብ። በጥቂት አቼቶ የተቀላቀለ ውኃም የቀረውን ሽታ ያበርዳል፤ ነገር ግን አቼቶና በረኪና ከቶ አይቀላቀሉ፥ መርዛም ጋዝ ይወጣቸዋል። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ የላዩን ፍቆ እንደ ገና መምረግና ኖራ መቀባት ይሻላል። በምንጣፍና በፍራሽ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ ይጠቅማል። ልብስንም አጥቦ ከፀሐይና ከነፋስ ማስጣት፥ ንጹሑንም ከማድ ቤት ርቆ በሚዘጋ ሣጥን ማኖር ያስፈልጋል።

የልጅቱ አባት የሚኒባስ ሹፌር ናቸውና ስለ መኪናቸው ጠየቁን። በመኪናም ሥርዓቱ ያው ነው። የሲጋራው አመድ ይደፋ፤ ወንበሩና የኮርኒሱ ጨርቅ ይታጠብ፤ መስተዋቱ ከውስጥ ይወልወል፤ የአየር ማስገቢያው ፊልትሮ ካለ ይለወጥ፤ ከዚያም በሮቹ ተከፍተው መኪናው ፀሐይ ላይ ይዋል። ሽቶ ማንጠልጠል ግን እንደ ዕጣኑ ነው። የትምባሆ ቅሪት በጨርቅ ላይ ለወራት ይቆያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112ም በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ማጨስን ይከለክላል፤ ስለዚህ ሹፌር ተሳፋሪውን ቢከለክል ሕግን ይፈጽማል እንጂ ሰውን አያስቀይምም።

ይሁን እንጂ ካለ እሳት ጢስ የለምና፥ ምንጩ ካልተስተካከለ የታጠበው ሁሉ በሳምንቱ ይመለሳል። ማድ ቤትን ከመኝታ መለየት፥ ከጣራው ሥር የጢስ መውጫ መክፈት፥ እርጥብ እንጨትና ያልደረቀ ኩበት አለማንደድ የመጀመሪያው መፍትሔ ነው። በሦስት ጉልቻ ፈንታ «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሳል፤ ጢሱም ያንሳል። መብራት በማይቋረጥበት ቀን የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይበልጣል።

ሽታው ከነገሩ ሁሉ ትንሹ መሆኑንም ልንዘነጋ አይገባም። እንደ ዓለም የጤና ድርጅት ግምት፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከመካከላቸው ሕፃናትም ነበሩ። ጢስ የሳንባ ምች፥ የልብና የዓይን ሕመም ያመጣል። ከዚህም የከፋው ሽታ የሌለው ጠላት ነው። ከፍም ከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፥ አይሸትምም፤ በብርድ ሌሊት ማንደጃ ወደ መኝታ አስገብቶ በር የሚዘጋ ቤተ ሰብ ሳይነቃ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፍም ያለበት ማንደጃ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይውጣ።

እናቲቱ ምክሩን ከሰሙ በኋላ ባላቸው በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ከጣራው ሥር መውጫ ከፈቱ፤ ኩበቱም ከዝናብ ተከልሎ እንዲደርቅ ተደረገ፤ የልጆቹ መኝታም ወደ ሌላው ክፍል ዞረ። ታናሹን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስዱት መከርናቸው፥ ወሰዱትም። በክፍላችንም ስለ ጢስ አንድ ሙሉ ሰዓት አስተማርን፤ ማንንም በስም አላነሣንም። በማግስቱ ልጅቱ ወደ ቀድሞ ወንበርዋ ተመለሰች፤ ቦታ የለቀቀችላትም ያችው አስቀድማ የሸሸቻት ጓደኛዋ ነበረች።

እንግዲህ የቤት እመቤቶችና አባ ወራዎች ሆይ፥ ጢስ የሸተተንን ልጅ ከማራቅ ይልቅ ጢሱን ከልጁ እናርቅ።