ሁሉም ልጅ የሚቀርበው የልደት ትሪ

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ወር ላይ አንዲት ጎረቤታችን ለሴት ልጃቸው ሰባተኛ ዓመት የልደት በዓል አዘጋጅተው ነበር። ድግሱ የሚነቀፍ አልነበረም። ባለ ሁለት ደርብ ኬክ፣ የሥጋ ሳንቡሳ፣ በቅቤ የታሸ ዳቦ፣ ለስላሳ መጠጥና ከረሜላ ተሟልቶ ቀርቧል። ይሁን እንጂ ሻማው ጠፍቶ ኬኩ ሲቆረስ፣ ከተጋበዙት አሥራ አምስት ልጆች መካከል አራቱ ፍልሰታን የሚጾሙ በመሆናቸው ጠርሙሳቸውን ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ሁለት የሙስሊም ቤተሰብ ልጆችም ኬኩን ቢቀምሱ ሳንቡሳውን አልነኩትም። ባለልደቷ የቅርብ ጓደኛዋ ሳትበላ መቅረቷን ስታይ፣ ቁራሽ ኬኳን እንደያዘች አለቀሰች።

«ልጆች ናቸው፣ ማን ይጾማል ብዬ ነው እኮ» አሉ እናቲቱ በኋላ። ከሰባት ዓመት ገደማ ጀምሮ ያሉ ልጆች በተለይ ፍልሰታን እንደሚጾሙ ግን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የድግሱ ሩጫ አስረስቷቸው ነው እንጂ።

በዚህ ዓመት እኚሁ እናት ምክር ሲጠይቁን፣ በመጀመሪያ የተስማማንበት ነገር ሥጋውን ጨርሶ መተው ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ ካረደው ሌላው ስለማይበላ፣ ሥጋ በሌለበት ትሪ ዙሪያ ሁሉም ሊቀመጥ ይችላል። ሁለተኛው፣ ዋናው ትሪ የጾም እንዲሆን ነው። ኬኩ ቅቤና እንቁላል ያለበት ከሆነ በሌላ ጠረጴዛ ላይ፣ የራሱ ቢላዋና ሳህን ተደርጎለት ይቀመጣል። ኬክ የተቆረሰበት ቢላዋ ወደ ጾሙ ዳቦ ከተሻገረ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

አሁን አሁን በከተማችን አንዳንድ ግብዣዎች ላይ አይብና ቀዝቃዛ ሥጋ፣ ብስኩትና ፍራፍሬ በሰፊ የእንጨት ገበታ ላይ ተደርድሮ ሲቀርብ ይታያል። ለዓይን ያማረ ነው፤ ለኪስ ግን አይራራም። ከአንድ ገበታ መብላትን ደግሞ ከማንም የምንማረው አይመስለኝም። ሰፊ ትሪ ወይም ንጹሕ ሰፌድ ነጭ ጨርቅ ቢነጠፍበት ይበቃል። የወጥ ቤቱን የሥጋ መክተፊያ ለዚህ ማዋል ግን ፈጽሞ አይገባም።

በመካከል በኮባ ተሸፍኖ የተጋገረው ድፎ ዳቦ ይቀመጣል። በዙሪያው ሳንቡሳ፣ በጨውና በሎሚ የተለወሰ ቅቅል ድንች፣ ተልጦ በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮት፣ ሙዝ፣ ብርቱካንና ፓፓያ ይደረደራል። ዳቦ ቆሎው ከሳምንት በፊት ተሠርቶ በክዳን ዕቃ ሊቀመጥ ስለሚችል የዕለቱን ሥራ ያቃልላል። ሙዝ ግን ልጆቹ ሊቀመጡ ሲሉ ይቆረጥ፤ ሎሚ ጠብ ቢደረግበት ቶሎ አይጠቁርም።

ለአሥራ አምስት ልጆች ሳንቡሳ አንድ ኪሎ ዱቄትና ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ይበቃል፤ አርባ ያህል ይወጣዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት በምስሩ አቀቃቀል ነው። እስኪፈርስ ከበሰለ ውሃ ያዝልና ሳንቡሳው ዘይት ውስጥ ይፈነዳል። ስለዚህ ጠንከር እንዳለ አውጥቶ በወንፊት ማጥለልና እስኪቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። ከዚያም ደቅቆ የተከተፈ ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፣ ፍሬው የወጣለት ሁለት ቃሪያና ጨው ይጨመርበታል። ጠርዙ በውሃ በተበጠበጠ ዱቄት ይለጠፋል። ሥጋ የተጠበሰበት ዘይት ለዚህ አይሆንም።

ቆሎ፣ ኦቾሎኒና ፈንዲሻ የልደት ጌጥ መሆናቸው አይካድም። ሆኖም ከአራት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት አየር መተላለፊያቸው ጠባብ፣ አኘካኘካቸውም ገና ያልጠና ስለሆነ፣ አንዲት ፍሬ ኦቾሎኒ ልታንቃቸው ትችላለች። ጥሬ ካሮትም እንዲሁ ነው። በመሆኑም እነዚህ በተለየ ሳህን፣ ትንንሾቹ በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጡ፤ ለእነሱ ሙዝ፣ ድንችና የዳቦ ልብ ይቅረብላቸው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ካለም ጥቂቱ እንኳ ለጉዳት ሊዳርገው ስለሚችል፣ ሲጋበዙ እናቶችን አስቀድሞ መጠየቅ ነውር የለውም። የጠቆረና የተጨማደደ፣ ሻጋታ የሸተተው ኦቾሎኒ ቢቆላም መርዙ አይጠፋምና ይጣል።

ክሬም ያለበት ኬክ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ባይቆይ ይመረጣል። ትሪው ከመቅረቡ በፊት የእጅ ማስታጠቢያው በሳሙና ይዙር፤ አሥራ አምስት ልጅ ከአንድ ትሪ ሲያነሳ የአንዱ እጅ የሁሉም እጅ ነው።

ዘንድሮ በዓሉ የተከበረው እንደገና በፍልሰታ ነበር። ባለልደቷ የመጀመሪያውን ሳንቡሳ አንስታ ለዚያችው ጓደኛዋ አጎረሰቻት። ማምሻውን ትሪው ሲነሳ የቀረው ትንሽ ካሮትና የድፎው ቂጥ ብቻ ነበር፤ እሱንም እኔ ወደ ቤቴ ወሰድኩት።