ስለ ዶሮ እግር እከክና ስለ ፈውሱ

በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ገበያ ዶሮ ለመግዛት የወጣ ሰው፣ ላባዋ ገብስማ ይሁን ወሰራ፣ ኩክኔዋ ነጠላ ይሁን ድርብ፣ ደረቷ የሞላ ይሁን የሰለለ አገላብጦ ሲመረምርና ዋጋ ሲከራከር ይቆያል እንጂ፣ በገመድ የታሰረውን እግሯን ወደ ብርሃን አዙሮ የሚመለከት ጥቂት ነው። ዳሩ ግን በአንድ ቤት ቆጥ ላይ ለብዙ ዘመን ሊኖር የሚችል፣ እናቲቱም ለጫጩቶቿ የምታወርሰው አንድ ረቂቅ ደዌ የሚገለጠው በዚያው በእግር ላይ ነው።

የጤነኛ ዶሮ እግር ከባቱ በታች ያለው ክፍል በቅርፊት የተሸፈነ ሲሆን፣ ቅርፊቱም በጥሩ ባለሙያ እጅ እንደ ተከደነ የሣር ክዳን የላዩ የታቹን እየደረበ፣ ለጥ ብሎና አንጸባርቆ ይታያል። እከኩ ሲጀምር፣ ብዙውን ጊዜ ከጣቶቹ አጠገብ፣ አንዱ ቅርፊት ከሌላው ተለይቶ ቀና ይላል፤ ከሥሩም አመድ የመሰለ ነጣ ያለ ትቢያ ይወጣል፤ ወራት ሲያልፉም ትቢያው ከቍስሉ ፈሳሽ ጋር ተጋግሮ ወፍራም ቅርፊት ይሆንና እግሩ ከልኩ በላይ አብጦ ሻካራ ይሆናል። ዶሮዋ እግሯን ታነሣለች፣ ትረግጣለች፣ በመንቍሯ ትነካክሳለች። ሳይታከም የቆየ እንደ ሆነም ታነክሳለች፣ ጭራ የምትለቅመው ይቀንሳል፣ እንቁላሏም ይጓደላል፤ ደዌው እጅግ የጸናባት ጣቷ እስከ መቆረጥ ትደርሳለች።

ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ፍጥረት በዓይን የማይለይ፣ ቁመቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ፣ ሰውነቱ ክብ፣ ስምንቱም እግሮቹ ድንክ የሆኑ ተባይ ሲሆን፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1859 ሮቤንና ላንክታን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሊቃውንት መርምረው ለሳይንስ አስታወቁት፤ በሰው ላይ እከክ ከሚያመጣው ተባይም ጋር የሥጋ ዝምድና አለው። ሴቲቱ ከቅርፊቱ ሥር ገብታ ቆዳውን እየፈለፈለች ትኖራለች፤ እንደ ብዙዎቹ ተባዮች እንቁላል የምትጥል ሳትሆን ስድስት እግር ያላቸውን ልጆች በሕይወት ትወልዳለች። ልጆቹም አድገው ራሳቸው ለመውለድ የሚበቁት በሁለትና በሦስት ሳምንት ገደማ ነው። ፈውሱን ለሚሻ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ ይህ ተባይ ሳንባም ሆነ የአየር ቧንቧ የለውም፣ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ስለዚህ ቆዳው በቅባት የተዘጋበት እንደ ሆነ ታፍኖ ይሞታል።

ቀን በቆጡ ስንጥቅ ተሸሽጎ ሌሊት ወጥቶ ደም ከሚመጠው ቀይ ተባይ ጋር ይህን ማደባለቅ አይገባም፤ የእግሩ ተባይ ከልደቱ እስከ ሞቱ በዶሮዋ ላይ የሚኖር ነውና። ከአንዷ ወደ ሌላዋ የሚሻገረው በመነካካት፣ ይልቁንም ጎን ለጎን ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቆጥ ላይ ነው። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ዶሮ ቀኑን በደጅና በማሳ ዳር ስትጭር ውላ፣ ሲመሽ ከባለቤቶቿ ጋር በአንድ ጣራ ሥር ታድራለች። በአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማእከል የተጠኑት የቲሊሊ፣ የሜጫ፣ የጓንጓና የደብረ ኤልያስ የአገር ዶሮዎች ሁሉ የዚህ አኗኗር ልጆች ናቸው። በማሽን ተፈልፍለው እናት ሳያውቁ ያደጉት የሳሶና የኮኮክ ቄቦች ደግሞ ወደ ባላገሩ ቤት ሲደርሱ እግራቸው ንጹሕ ነው፤ ከአሮጌዎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ከወጡ በኋላ ግን ንጽሕናቸው አይዘልቅም። ደዌው ለሰው ግን አይተርፍም።

እኔ እንደሚመስለኝ ደዌው ቸል የተባለው ስለማይገድል ነው። ፈንግል በገባበት ቤት በጥቂት ቀን ውስጥ ቆጡ ባዶ ስለሚቀር ሁሉ ይደነግጣል፤ የእግር እከክ ግን ዶሮዋን በዝግታ እየጎዳ ስለሚሄድ፣ ባለቤቷ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል። በእርግጥም የሸመገለ አውራ ዶሮ ቅርፊቱ ይሻክራል፤ ነገር ግን እርጅና ቅርፊቱን ከሥሩ ገፍቶ አያነሣውም፣ ነጭ ትቢያም አያወጣም።

ሕክምናው ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ከወጡ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ በጨለማ ዶሮ ጸጥ ትላለችና ማባረር የለም። አንዱ ሰው ክንፏን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይይዛታል፤ ሌላው ለብ ያለ ውኃና ሳሙና በጣሳ አቅርቦ እግሮቿን እስከ ባቷ ድረስ ይነክራል፤ ቅርፊቱ እስኪርስም ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል። ከዚያም አገልግሎቱን በጨረሰ የጥርስ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች፣ ወደ ጣቶቹ፣ በቀስታ ይፈገፍጋል፤ ራሱ የለቀቀውን ትቢያ ያነሣል፣ ያልለቀቀውን ግን አይነካም፤ በጥፍር ቢላጥ ይደማልና፣ የደማ እግር ደግሞ ለሌላ ቍስል በር ይከፍታል። አድርቆም ቫዝሊን፣ ወይም የኑግ ወይም የተልባ ዘይት በየቅርፊቱ ሥር እስኪዘልቅ ድረስ፣ የጣቶቹንም መገናኛ ሳይረሳ፣ ያሻል።

አንድ ሌሊት የተቀባ ዘይት ግን ፈውስ አይደለም። ከቅርፊቱ ሥር ጠልቆ ያመለጠው ተባይ ይወልዳልና፣ ቅባቱ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑ እየተደገመ ቢያንስ አራት ሳምንት መቀጠል አለበት፤ እግሯ ደኅና የሚመስለውም ዶሮ ሳትቀር በቆጡ ላይ ያሉት ሁሉ አብረው መቀባት አለባቸው። በዚህ ነገር ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመድኃኒቱ ምርጫ ሳይሆን በሁለተኛው ሳምንት በመሰልቸቱ ነው። ነጭ ጋዝ የሚቀቡም አሉ፤ ጋዝ ተባዩን ሊገድል ቢችልም የዶሮዋን ቆዳ ስለሚያቃጥል ቢተዉት ይሻላል።

ዘይት ያልበገረው እንደ ሆነ የእንስሳት ሐኪም የሚያዘው አይቨርሜክቲን አለ። ከጃፓን አፈር በተገኘ ረቂቅ ሕዋስ መነሻነት የተሠራ፣ ሊቃውንቱን ኦሙራንና ካምቤልን በፈረንጆች 2015 ለኖቤል ሽልማት ያበቃ፣ በአገራችንም ሜክቲዛን በሚል ስም ለዓይነ ስውርነት ከሚዳርገው የወንዝ ዳር ደዌ ሕዝቡን ለመጠበቅ የሚታደል መድኃኒት ነው። ነገር ግን ለከብት የተዘጋጀውን በግምት ለዶሮ መስጠት አደገኛ ስለ ሆነ፣ መጠኑ ከእንስሳት ጤና ኬላ መጠየቅ ይገባዋል፤ ወደ እንቁላልም ስለሚያልፍ፣ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ የታከመችው ዶሮ እንቁላል አይበላም።

ስለዚህም ለዚህ ሥራ ከዐቢይ ጾም የተሻለ ወቅት አይገኝም እላለሁ። በ55ቱ ቀን እንቁላልም ዶሮም ከገበታ ይርቃሉ፤ በዘወረደ ሳምንት የጀመረ ሰው የመፃጉዕ ሳምንት ሲያልቅ ዋናውን ሥራ ይፈጽማል፤ እስከ ሆሣዕናም ድረስ የቀረውን እያየ ይደግማል። ለፋሲካ ገበያ የምትወጣዋ ዶሮም ጤነኛ እግር ይዛ ትወጣለች፤ ምንም እንኳ ለብዙ ጊዜ የታመመ እግር ቅርፊቱ ወደ ቀድሞ ልስላሴው ፈጽሞ የማይመለስበት ጊዜ ቢኖር።

ነገር ግን ጾሙ እንቁላል የሚጠራቀምበትና ዶሮ የሚታቀፍበትም ወራት ስለ ሆነ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእንቁላል ቅርፊት እጅግ ደቃቅ በሆኑ ቀዳዳዎች አየር ያስገባል፤ የታቀፈች ዶሮ እግሯ በዘይት ተቀብቶ ወደ ጎጆዋ የተመለሰች እንደ ሆነ፣ ዘይቱ እንቁላሉን ነክቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ውስጡ ያለውን ጫጩት ያፍነዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለችውን እስክትፈለፍል ድረስ ከሌሎቹ ለይቶ ማቆየት፣ ወይም ገና ሳትታቀፍ አስቀድሞ ማከም ነው። ከገበያ የመጣችውም እንግዳ ዶሮ ሦስት ሳምንት ለብቻዋ አድራ እግሯ ሳይታይ ወደ ቆጡ ባትወጣ መልካም ነው፤ ቆጡም ራሱ ተፍቆ በፈላ ውኃ ይታጠብ፣ ያረጀውም እንጨት ተነቅሎ ወደ ምድጃ ይግባ።