ጅብ ሳይመጣ «ጅብ መጣ!»

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ያላለ ማን አለ? ሁላችንም በተረት አድገናል። ተረት ግን ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ልጅን ከአደጋ የሚጠብቅ ምክርም አለበት። አባቶችና እናቶች ፊደል ሳይቆጥሩ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በተረት ነው።

የእረኛውን ልጅ ተረት ታውቁታላችሁ። ልጁ በግ ይጠብቃል። ብቻውን መዋል ሰለቸው። አንድ ቀን «ጅብ መጣ! ድረሱልኝ!» ብሎ ጮኸ። የአገሩ ሰው ዱላውን ይዞ ሮጦ ደረሰ። ጅብ የለም። ልጁ ሳቀ። በማግሥቱም እንዲሁ አደረገ። ሰዎቹ ደረሱ፤ አሁንም ጅብ የለም። በሦስተኛው ቀን እውነተኛው ጅብ መጣ። ልጁ ጮኸ፣ ጮኸ። ሰው ሁሉ «ደግሞ ሊያሾፍብን ነው» ብሎ ዝም አለ። በጎቹም አለቁ።

ይህ ተረት የኛ ብቻ አይደለም። በጥንቱ የግሪክ ሰው በኤዞፕ ስም ከሚነገሩት ተረቶች አንዱ ነው። እዚያ የሚመጣው ተኩላ ነው። አውሬው ይለያያል እንጂ ምክሩ አንድ ነው። ውሸታም እውነት ቢናገርም አይታመንም።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ልጅ ሲያለቅስ ምን እንላለን? «ዝም በል! ጅብ መጣልህ!» እንላለን። ወይም «ሐኪም ጠርቼ በመርፌ አስወጋሃለሁ!» እንላለን። ልጁ ለጊዜው ዝም ይላል። ነገር ግን ሁለት ጉዳት አለው።

አንደኛ፣ ልጁ ውሎ አድሮ ውሸት መሆኑን ያውቃል። ከዚያ ወዲያ «ወንዙ ሞልቷል፣ አትሻገር!» ብንለው አያምነንም። እንግዲህ እንደ እረኛው ልጅ የሆንነው እኛ ነን።

ሁለተኛ፣ ልጁ ሐኪምን እንደ ጅብ ይፈራል። የክትባት ቀን ሲደርስ ይደበቃል። ሲታመም ሕመሙን ይሸሽጋል።

ይህ ነገር በሌላም አገር ነበረ። በጀርመን አገር፣ በፍራንክፈርት ከተማ፣ ሐይንሪሽ ሆፍማን የሚባል ሐኪም ነበረ። እዚያም ወላጆች ልጆቻቸውን «ሐኪሙ ይመጣብሃል!» እያሉ ያስፈራሩ ነበር። ስለዚህ የታመመው ልጅ ሐኪሙን ሲያይ ያለቅሳል። ሆፍማን ታዲያ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? እርሳስ አውጥቶ ሥዕል ይሥላል፣ ተረት ያወራል። ልጁም ፀጥ ይላል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1844 ሆፍማን ለሦስት ዓመት ልጁ ለገና መጽሐፍ ሊገዛለት ፈለገ። ደስ የሚለው አጣ። ባዶ ደብተር ገዛና ራሱ ጻፈ፣ ራሱ ሣለ። መጽሐፉ በ1845 ታተመ። በግጥም ስለሆነ ልጆች በቃላቸው ይይዙታል።

በመጽሐፉ ውስጥ የአንዲት ልጅ ታሪክ አለ። እናትና አባቷ ከቤት ወጥተዋል። ልጅቷ ክብሪት አገኘች። ሁለት ድመቶች እንዳትነካው ለመኗት። አልሰማችም፤ ጫረችው። እሳቱ ልብሷን ያዘው። ነዳ ዐመድ ሆነች።

ዛሬ ብዙ ሰዎች «ኧረ ይህስ ለልጅ በጣም ያስፈራል!» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ማስፈራትም ልክ አለው። ቢሆንም ተረቱ አንድ ነገር አልዋሸም። ክብሪት ያቃጥላል።

ስለዚህ በተረት ስንመክር እውነተኛውን አደጋ እንንገር። ምድጃውን፣ የሞላውን ወንዝ፣ ክዳን የሌለውን ጉድጓድ እንንገር። ለምን እንደሚጎዳም እናስረዳ። የሚያድነንን ሐኪም ግን ጅብ አናድርገው።

ጥያቄዎች

1. ሰዎቹ በሦስተኛው ቀን ለእረኛው ልጅ ለምን አልደረሱለትም?
2. ልጅን በሐኪም ማስፈራራት ምን ጉዳት አለው?
3. በአካባቢያችሁ ልጆችን የሚያሰጋው አደጋ ምንድን ነው? ስለዚያ የሚመክር አንድ ተረት በደብተራችሁ ጻፉ። ማታም ለልጆቻችሁ አንብቡላቸው።