ዋናው መዝገብና ግልባጩ በአንድ ቤት አይደሩ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም አካባቢ እህል የሚያከማች ነጋዴ፣ ያለውን በቆሎ በሙሉ በአንድ መጋዘን አስገብቶ ያለ ሥጋት እንደማያድር የታወቀ ነው። ነቀዝ ቢገባበት፣ ጣሪያው ቢያፈስ ወይም እሳት ቢነሣ የከፊሉ ጉዳት ለሁሉ እንዳይተርፍ ንብረቱን ከሁለትና ከሦስት ቦታ ይከፍለዋል። ይህንኑ ጥንቃቄ ግን ለሒሳብ መዝገቡ ሲነፍገው ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በኮምፒዩተር የሚያዘው መዝገብ እንዴት ተለያይቶ መቀመጥ እንደሚገባው ለክቡራን ነጋዴዎች ማስረዳት ነው።

በአሁኑ ዘመን ሰርቨር የሚባለው ብርቱ ኮምፒዩተር፣ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን እንደቻሉ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩ አያሌ «ቨርቹዋል ማሽኖችን» በውስጡ ያስተናግዳል። ነገሩ አንድ ፎቅ ቤት ለብዙ ሱቆች እንደሚከራይ ያለ ነው፤ ሱቆቹ የየራሳቸው በርና ቁልፍ ቢኖራቸውም መሠረታቸውና ጣሪያቸው አንድ ነው። ቤቱ የፈረሰ እንደሆነ ሁሉም አብረው ይፈርሳሉ። ስለዚህ ዋናውን መዝገብ የያዘው ማሽንና ግልባጩን የያዘው ማሽን በአንድ ሰርቨር ላይ ቢገኙ፣ ሁለት መባላቸው ለስም ብቻ ነው።

ይህ ስሕተት እኔ በጸሐፊነት በማገለግልበት የእህልና የበርበሬ ንግድ ቤት ደርሷል። ሁለቱ ማሽኖች መጀመሪያ በሁለት ሰርቨሮች ላይ ተለያይተው ነበር። አንዱ ሰርቨር ለጥገና በቆመ ጊዜ ግን ባለሙያው ሁለቱንም በአንደኛው ላይ ሰበሰባቸው፤ ጥገናው ካለቀ በኋላ መልሶ መለየቱን ማንም አላስታወሰም። በታኅሣሥ ወር፣ ገበሬው በቆሎውን በሚያስረክብበት ሰሞን፣ የጠፋው መብራት በኃይል ሲመለስ ያ ሰርቨር ተቃጠለ፤ ዋናውም ግልባጩም አብረው ጠፉ። ማን ስንት ኩንታል እንዳስረከበና ስንት ብር እንደቀረው ከደረሰኝ ጉርድ ለቅመን መልሰን እስክንጽፍ ድረስ፣ ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ገበሬዎች በደጃፋችን ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። የሰርቨሩ ዋጋ ይተካል፤ ሚዛናችንን አምኖ እህሉን ያወረደ ሰው እምነት ግን በገንዘብ የሚተካ አይደለም።

የጉዳቱ ምክንያት የባለሙያው ስንፍና ሳይሆን፣ ደንቡ በሰው ሐሳብ ውስጥ ብቻ መኖሩ ነበር። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደተባለው፣ መፍትሔው ደንቡን መጻፍ ነው። ባለሙያዎች ይህን «መሠረተ ልማትን በኮድ መጻፍ» ይሉታል። ማሽኖቹ ስንት እንደሆኑና የትኛው ከየትኛው ጋር አብሮ ማደር እንደሌለበት በጽሑፍ ይሰፍራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው ቴራፎርም የተባለው መሣሪያ ጽሑፉን በሥራ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል፤ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ያሳያል፤ ሲፈቀድለትም ይፈጽማል። እንደ ቪኤምዌርና ኦፕንስታክ ያሉ ሥርዓቶችም የተጻፈውን የመለያየት ደንብ ተቀብለው ለማሽኖቹ ማደሪያ ሲመርጡ ይጠብቁታል። ባለሙያው ቢለወጥ እንኳ ጽሑፉ ለተተኪው ይተርፋል።

ደንቡ ሁለት ዓይነት ነው። ጥብቁ ደንብ፣ ሌላ ሰርቨር ካልተገኘ ሁለተኛውን ማሽን ከቶ አያስነሣም። የላላው ደንብ ግን ቦታ ሲጠብ ሁለቱን አብሮ ያሳድራል፤ ባለቤቱም ሳያውቅ አደጋው ይደገሳል። ለሒሳብ መዝገብ ጥብቁ ይሻላል፤ አንዱ ሰርቨር ሲጠገን መጠጊያ እንዳይጠፋም ሦስተኛ ሰርቨር ማዘጋጀት ይገባል።

ይሁን እንጂ ሰርቨሮቹን በአንድ ክፍል ውስጥ መለየት ብቻውን አይበቃም። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል ሲቃጠል፣ ግልባጫቸው በዚያው ስፍራ የነበረ ደንበኞች ሁሉንም አጡ። የሊል ከተማ የንግድ ፍርድ ቤትም በ2015 ዓ.ም. ኩባንያው ካሣ እንዲከፍል በመጀመሪያ ደረጃ ፈረደ። ስለዚህ አንድ ግልባጭ በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ በአዲስ አበባው የአይሲቲ ፓርክ ዊንጉ አፍሪካና ራክሲዮ የዳታ ማዕከል ሠርተዋል። በአንጻሩ መዝገቡን በሙሉ ወደ ሩቅ ከተማ መስደድም አይበጅም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱ፣ በቡሬ የሚከፈት መዝገብ በቡሬም መኖር እንዳለበት አስተምሮናል።

እንግዲህ ክቡራን ነጋዴዎች ባለሙያቸውን ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ዋናውና ግልባጩ ዛሬ በየትኛው ሰርቨር ላይ ናቸው? የመለያየቱ ደንብ የተጻፈው የት ነው? አንዱ ሰርቨር ቢጠፋ ሥራው መቀጠሉ የተፈተነው መቼ ነው? መልሱ «አስታውሳለሁ» የሆነ እንደሆነ፣ የገበሬው ኩንታልና የነጋዴው ስም በአንድ ሰው ትዝታ ላይ ተንጠልጥለዋልና ሳይውል ሳያድር ይጻፍ።